ፈተናው ይራዘማል፣ ማመልከቻው ግን አይራዘምም

(ተነጋጋሪዎቹ ሦስት ናቸው። አንዷ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ሁለተኛዋ እናቷ ናቸው፤ ሦስተኛው ብዙ ዘመናቸውን በመምህርነትና በትምህርት ክፍል ኃላፊነት ያሳለፉ አጎቷ ናቸው። የሴሚስተሩ ማጠቃለያ ፈተና ደርሷል።)

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ የፋይናል ፕሮግራም ተለጥፏል። ስለ አነባበቤ ላማክርዎ ነበር የመጣሁት፤ ግን የዶርም ጓደኛዬ ነገር አሳስቦኛል። ታይፎይድ ነው ተብላ መድኃኒት ጀምራለች፣ ትኩሳቱ ግን አለቀቃትም። «እንደምንም እገባለሁ፣ ካልሆነም ስሜንና አይዲ ቁጥሬን ጽፌ እወጣለሁ» ትላለች። ትግባ ወይስ ትቅር?

አጎት፦ ቁጭ ብላ መሥራት ካቃታት ትቅር፤ ግን ዝም ብላ አትቅር። ስሟን ጽፋ ከወጣች ተፈትናለች። የጥያቄ ወረቀት ተቀብላ የተፈታኞች ዝርዝር ላይ ከፈረመች በኋላ «ያን ቀን አሞኝ ነበር» ብትል መምህሩ ምን ያድርግላት? በእጁ ያለው የመልስ ወረቀቷ ነው፣ እሱን ያርማል። ሦስት ጥያቄ ሠርታ ከወጣች የሦስት ጥያቄ ማርክ ታገኛለች። በእንግሊዝ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን በደንባቸው ጽፈውታል፤ ወደ ፈተና ክፍል የገባ ተማሪ ለመፈተን ጤንነቱ እንደሚፈቅድለት ራሱ እንዳረጋገጠ ይቆጠራል። እኛም ዘንድ በተግባር የሚሆነው ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ተማሪዋ፦ እሷን የሚያስፈራት ኤፍ ነው። ሲኒየሮች «ከቀረሽ ኤፍ ነው» ብለዋታል።

አጎት፦ ግማሹን ነው የነገሯት። ሳያሳውቅ የቀረ ተማሪ መጨረሻው ኤፍ ነው፣ እሱ እውነት ነው። መጀመሪያ ኤንጂ ተብሎ ውጤት አልባ ሆኖ ይቀመጣል፤ የተሰጠው ጊዜ ሲያልፍ ወደ ኤፍ ይለወጣል። በበቂ ምክንያት የቀረና በጊዜው ያመለከተ ግን አይ ነው የሚያዝለት፣ ኢንኮምፕሊት። ኮርሱ አላለቀም ማለት ነው እንጂ ተማሪው ወደቀ ማለት አይደለም። የኩዊዙ፣ የአሳይመንቱ፣ የሚዱ ማርክ ባለበት ይጠብቃታል። ሜክአፕ የሚባለውን የማካካሻ ፈተና ስትፈተን በላዩ ይደመርና ግሬዷ ይወጣል።

ወረቀት አምጪና እናስላው። ስድስት ኮርስ የያዘች ተማሪ እንውሰድ፤ እያንዳንዱ ኮርስ ሦስት ክሬዲት አወር ይሁን፣ ጠቅላላ 18። አምስቱን ሲ አመጣች። ሲ ሁለት ነው፣ በሦስት ክሬዲት ስድስት ይሆናል፣ በአምስት ኮርስ 30። ስድስተኛው ኤፍ ከሆነ 30ን ለ18 ታካፍይዋለሽ፤ 1.67 ይመጣል። ስድስተኛው አይ ከሆነ ግን ኮርሱ ገና ስላልተቆጠረ 30ን ለ15 ነው የምታካፍይው፤ 2.00 ይመጣል። ለመመረቅ የሚያስፈልገው አማካይ ውጤት 2.00 መሆኑን መቼም ታውቂያለሽ። ከዚያ የወረደ ማስጠንቀቂያ፣ አለዚያም የባሰ ነገር ይጠብቀዋል። ተማሪዋ ያችው ናት፣ እውቀቷም ያው ነው። በ1.67 እና በ2.00 መካከል ያለው አንድ ማመልከቻ ነው።

ተማሪዋ፦ ሕጉ የት ነው የተጻፈው? እኛ እኮ አይተነው አናውቅም።

አጎት፦ ሴኔት ሌጂስሌሽን የሚባለው ውስጥ። ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚመሩት በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው፤ ዝርዝሩን ግን እያንዳንዱ ተቋም በራሱ ሴኔት ያጸድቃል። ስለዚህ የአዲስ አበባውን ይዘሽ ጎንደር ላይ መከራከር አትችይም። የማመልከቻው ቀነ ገደብ፣ ሜክአፑ የሚሰጥበት ሳምንት፣ የሚቀበሉት ማስረጃ ዓይነት እንደየቤቱ ነው። ፍሬሽ ስትገቡ ኦሬንቴሽን ላይ ይነገራችኋል፤ በዚያ ቀን ግን ማን ያዳምጣል? ልጁ ሻንጣውንና የዶርም ቁልፉን ነው የሚያስበው። ከዚያ ወዲያ ሕጉ በእንግሊዝኛ፣ በብዙ ገጽ፣ ለሕግ ሰው በሚመች አጻጻፍ ተቀምጦ ይቀራል። ኃላፊ በነበርኩበት ዘመን ቢሮዬ ገብተው ያለቀሱት ልጆች አብዛኞቹ ሰነፎች አልነበሩም። ምክንያታቸው እውነት ነበር፤ የመጡት ግን ግሬድ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በፊት ቢመጡ በአንድ ፊርማ የሚያልቅ ነገር ነበር።

ተማሪዋ፦ እሺ፣ ጓደኛዬ ምን ታድርግ? እኔ ልዙርላት?

አጎት፦ አዎ፣ ዙሪላት። ትኩሳት ያለባት ልጅ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት የለባትም። መጀመሪያ ማስረጃው ነው። የታከመችው ከግቢ ውጭ ጤና ጣቢያ ወይም የግል ክሊኒክ ከሆነ ወረቀቱን የግቢው ክሊኒክ እንዲያየው አድርጊ፤ ብዙ ቦታ ይህን ይጠይቃሉ። ከዚያ ወረቀቱን እጅሽ ላይ አድርገሽ በደንብ አንብቢው። ስሟ በአይዲዋ ላይ እንዳለው እስከ አያቷ ተጽፏል? የታየችበት ቀን አለ? ማህተምና ፊርማ አለው? ሐኪሙ ዕረፍት ያስፈልጋታል ሲል ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ ገልጿል? ዘወትር የሚጎድለው ይህ የመጨረሻው ነው። «ታይፎይድ ተገኝቶባት ሕክምና ተሰጥቷታል» ብሎ ያቆማል። ጉዳዩ አካዳሚክ ኮሚሽን ላይ ሲቀርብ ከአባላቱ አንዱ «መታመሟስ ታማለች፤ ሐሙስ ጠዋት መፈተን አትችልም ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ልክ ነው፣ ወረቀቱ ግን መልስ የለውም። ሐኪም ያየውን ነው የሚጽፈው። ፈተና እንዳለባት ካልነገረችው ግን የዕረፍቱን ቀን መግለጽ እንደሚያስፈልግ በምን ያውቃል? ስለዚህ ስትታይ የፈተናውን ፕሮግራም ታሳየው።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፤ ጉዳዩ፣ ሜክአፕ ፈተና እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ። ስም፣ አይዲ ቁጥር፣ ዓመትና ሴክሽን፣ የኮርሱ ስምና ኮድ፣ የመምህሩ ስም፣ ፈተናው የሚሰጥበት ቀንና ሰዓት፣ ምክንያቱ በሁለት መስመር፣ የተያያዘው ማስረጃ። ግልባጭ ለመምህሩና ለሬጅስትራር። የችግር ታሪክ ማብዛት አያስፈልግም፤ ልጆች ሁለት ገጽ ልመና ይጽፉና የኮርሱን ኮድ ይረሳሉ። ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂ። አንዱን ሲቀበሉሽ በሁለተኛው ላይ የተቀበሉበትን ቀን ጽፈው ይፈርሙልሽ፤ መዝገብ ቤት ካለ ቁጥር ያስሰጡልሽ። ያንን ቅጂ ጓደኛሽ በደንብ ታስቀምጠው። ኃላፊ ይቀየራል፣ ወረቀት ይጠፋል፤ በጊዜው ማመልከቷን የሚመሰክርላት እሱ ነው።

ተማሪዋ፦ ለመምህሩ በቴሌግራም ቢጻፍለት አይበቃም? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

አጎት፦ ይጻፍለት፣ ወጉም ነው። ግን መምህሩ «አይዞሽ፣ ሌላ ቀን እፈትንሻለሁ» ቢላት በዚያ አትተማመን። ሜክአፕ የሚፈቅደው ትምህርት ክፍሉና ኮሚሽኑ ነው። መምህሩ በመሀል ለትምህርት ወጣ እንበል፤ ቃሉ የት ይገኛል?

ተማሪዋ፦ ባይሻላትስ? አምስቱንም ፈተና ካልቻለች?

አጎት፦ ያኔ ሌላ ነው። የአንድና የሁለት ኮርስ ነገር ሲሆን ሜክአፕ ነው፤ ሕመሙ ሴሚስተሩን ከያዘው ዊዝድሮው መሙላት ነው። ፎርሙ ከሬጅስትራር ይወሰዳል፣ ክሊራንስ ይዞራል፣ ላይብረሪውም ዶርሙም ካፌውም ይፈርማል፣ አይዲ ይመለሳል። ስትመለስ ሪአድሚሽን ታመለክታለች፤ እሱም የራሱ ቀነ ገደብ አለው፣ ያቋረጠችው ኮርስ የሚሰጥበትን ሴሚስተርም መጠበቅ ይኖርባታል። ብዙ ልጆች «ዓመት ከማባክን» ብለው ታመው ይፈተናሉ፤ ከዚያ ውጤቱ ይወርድና ይባረራሉ። ዓመቱም ሄደ፣ ሪከርዱም ተበላሸ። ዊዝድሮው የሞላ ግን በሰላም ነው የወጣው።

አቴንዳንስም አለ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከክፍለ ጊዜው 85 በመቶ ያልተከታተለ ተማሪ ፋይናል መቀመጥ አይፈቀድለትም፤ ላብራቶሪ ላይ ደግሞ ከዚያም ይጠብቃል። ሕመሟ ፈተናው ሳይደርስ ከጀመረ ክፍል የቀረችባቸውን ቀናት የሚሸፍን ወረቀትም ያስፈልጋታል።

ከሁሉ የሚከፋው ሻንጣ ይዞ ለማንም ሳይናገሩ አገር ቤት መግባት ነው። ፎርም ያልሞላ ልጅ በመዝገቡ ላይ ተማሪ ነው፤ ፈተና የቀረ ተማሪ። ይህን የሚያደርጉት ደግሞ በጣም የጨነቃቸው ናቸው፤ ማንም ሰው ፊት መቆም ያቃታቸው። ዶርም ውስጥ እንዲህ ዓይነት ልጅ ካያችሁ አንዳችሁ ይዛችኋት ሬጅስትራር ሂዱ። እንዲህ ያለች ልጅ ብቻዋን አትሄድም።

እናት፦ ጋሼ፣ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የጎረቤታችን ልጅ ፋይናል ላይ እያለች አባቷ አረፉ። ዕድርተኛው ተሰብስቦ «ፈተናዋን ትጨርስ፣ መርዶው ከዚያ ይነገራት» ተባለ። እኔም ከተስማሙት ነኝ፤ አሁንም ልክ ነበር እላለሁ። ብትሰማ አባቷ አይመለሱላት። ዓመቷ ብቻ ነው የሚሄደው።

አጎት፦ የብዙ ቤት ልማድ ነው። ከመውደድ ነው የሚመጣው፣ አልነቅፈውም። ግን እስቲ ከሥሩ እይው። መርዶ የምናቆየው ፈተና መቅረት ማለት መባረር ነው ብለን ስለምናምን ነው። የአባት፣ የእናት፣ የወንድም፣ የእህት ሞት ፈተና ለማራዘም በቂ ምክንያት መሆኑን ያ ዕድርተኛ ያውቅ ነበር? ከወረዳው ወይም ከዕድሩ ማስረጃ ይዞ ማመልከት እንደሚቻል የነገራቸው ሰው ነበር?

እናት፦ ማን ይነግረናል? ደግሞስ ቢራዘምላት ልቧ ተሰብሮ በምን ታጠናለች? ሳትሰማ ብትፈተን አይሻልም?

አጎት፦ ሳትሰማ ስትፈተን ምን እንደሚመስል በቅርብ አይቻለሁ። ተማሪዬ ነበረች። ቤተሰቧ መርዶውን ሸሸጓት፣ የዶርም ጓደኞቿ ግን ሰምተዋል። ልጆቹ ፊቷን ማየት አቃታቸው። ስትገባ ወሬ ያቆማሉ። አንዷ ፌስቡክ ላይ የተለጠፈውን የአባቷን ፎቶ እንዳታይ «ስልክሽን አውሺኝ» እያለች ትወስድባታለች። ልጅቷ ምን አጠፋሁ፣ ለምን ተጣሉኝ እያለች ነበር የምትብሰለሰለው። ቤት ስትደውል አባቷ አንድ ጊዜ ተኝተዋል፣ ሌላ ጊዜ ገበያ ወጥተዋል። ፈተናውን ጨረሰች፤ በሰላም የጨረሰች እንዳይመስልሽ። አገሯ ስትደርስ ቀብሩ አልፏል፣ ሠልስቱ አልፏል፣ ለቅሶ ደራሹ ተበትኗል። በሚቀጥለው ሴሚስተር ቢሮዬ መጥታ «ሁሉም ያውቅ ነበር፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ» አለችኝ። ያዘነችው በሞቱ ብቻ አልነበረም።

እናት፦ ታዲያ በስልክ ይነገራት? መርዶ በስልክ አይነገርም።

አጎት፦ በስልክማ አይነገርም። የምትወደው ዘመድ ሄዶ ይዟት ይምጣ። ከዚያ በፊት ግን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ለትምህርት ክፍሉ ይደውል ነው የምለው። «እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብናል፣ ስንት ፈተና ይቀራታል? ብትቀር ሜክአፕ አለ?» ብሎ ይጠይቅ። ያኔ ቤተሰቡ አውቆ ይወስናል። የቀራት የነገው ፈተና ብቻ ከሆነ «ትጨርስ» ብትሉ አልፈርድባችሁም። አራት ፈተና ከፊቷ ካለ ግን እኔ ይነገራት ባይ ነኝ። አባቷን አልቅሶ መቅበር የእሷ ድርሻ ነው፣ ማንም ሊወስንባት አይገባም።

እናት፦ አራት ከሆነስ... እንጃ። እሱን አላሰብኩትም። ግን አሁንም ይከብደኛል፣ ጋሼ።

ተማሪዋ፦ እማዬ፣ እኔ ብሆን ይነገረኝ።

እናት፦ ተይ፣ እንዲህ ያለ ነገር አፍሽ ላይ አታምጪ።

ተማሪዋ፦ ለማንኛውም ብዬ ነው። ጋሼ፣ እስራኤል ያለችው የአክስቴ ልጅ ግን እንዲህ ስትጨነቅ አላይም። «ባይሆንልኝ ሞዔድ ቤት አለ» ትላለች። እሱ ምንድን ነው?

አጎት፦ እዚያ በየኮርሱ ሁለት የፈተና ቀን አስቀድሞ ይወጣል፤ ሞዔድ አሌፍና ሞዔድ ቤት ይሏቸዋል። በመጀመሪያው ያልተፈተነ ወይም ውጤቱ ያላረካው በሁለተኛው ይገባል። ብዙ ቦታ ግን የሚያዘው የኋለኛው ውጤት ነው፣ ዝቅ ቢልም እንኳ፤ ስለዚህ ለማሻሻል የሚገባ ሰው አስቦ ነው የሚገባው። ለመጠባበቂያ ጦር የተጠራና የወለደች ተማሪ ሦስተኛ ቀንም ሊፈቀድላቸው ይችላል። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ቀን የሚገኘው በፈቃድ ነው፤ ማመልከቻው ይህን ያህል የከበደው ለዚህ ነው። እኔ ለሁሉም ኮርስ እንዲህ ይደረግ አልልም፤ ሁለት ፈተና ማውጣትና ሁለት ጊዜ ማረም ለመምህር ቀላል አይደለም። ፍሬሾች በጋራ ለሚወስዷቸው ኮርሶች ግን፣ ለሎጂክና ለጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ በሺህ የሚቆጠር ልጅ በአንድ ቀን ስለሚፈተን አንድ የታወቀ የሜክአፕ ቀን ቢቀመጥ ምንም አይከብድም። ካስፈለገ ማራዘም እንደሚቻል አይተናል። በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ተዘግቶ ተማሪው ወደየቤቱ ሄደ፤ የተቋረጠው ሴሚስተር ከወራት በኋላ ተመልሶ ተጠናቀቀ። ለአገር ሙሉ የተቻለ ነገር ታይፎይድ ለያዛት አንዲት ልጅ አይከብድም።

ተማሪዋ፦ እውነቱን ልናገር፣ ሳይታመሙ ወረቀት የሚያወጡም አሉ። ስላላነበቡ።

አጎት፦ አውቃለሁ። የሐሰት ማስረጃ ከተገኘ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው፣ ትምህርት እስከማቋረጥ ያደርሳል። እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን በእውነት የታመመችውን ልጅ ወረቀት ማስጠርጠራቸው ነው። ደግሞም ሜክአፕ እነሱ እንደሚያስቡት የዕረፍት ጊዜ አይደለም። የሚሰጠው አዲሱ ሴሚስተር ከጀመረ በኋላ ነው። አዲስ ኮርስ፣ አዲስ አሳይመንት አለ፣ በላዩ ያረጀው ፈተና ይጨመራል። አብሮ የሚያነብ ጓደኛ የለም፣ ሁሉም ረስቶታል። ሳያነብ ያራዘመ ብዙ ጊዜ ሳያነብ ነው ሜክአፑ ላይም የሚቀመጠው።

ተማሪዋ፦ እንግዲህ ወደ እኔ ጉዳይ እንምጣ። ሃንድአውቱን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ በማድመቂያ ቀለም ሞልቶታል። ሳነበው ሁሉንም አውቀዋለሁ። ጥያቄ ስይዝ ግን ይጠፋብኛል።

አጎት፦ የምታውቂው ይመስልሻል፣ ዐይንሽ ስለለመደው ነው። ይህን በጥሩ ሁኔታ ያሳዩ ሁለት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሉ፣ ሮዲገርና ካርፒክ ይባላሉ፤ ጥናታቸው የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ነው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጫጭር ጽሑፍ ሰጡ። አንዱን ጽሑፍ ተማሪዎቹ እንደገና አነበቡት፤ ሌላውን ግን ወረቀቱ ተወስዶባቸው ያስታወሱትን በባዶ ገጽ ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ እንደገና ያነበቡትን ነው የበለጠ ያስታወሱት። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ በቃላቸው ከጻፉት 56 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ እንደገና ካነበቡት ያስታወሱት 42 በመቶውን ብቻ ነው። አየሽ ለምን እንደሚያታልል? ሌሊት ደጋግመሽ ስታነቢ ያን ሰዓት በእርግጥም የያዝሽው ይመስላል። ፈተናው ግን ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይደለም።

እናት፦ የቤተ ክህነት ተማሪዎችስ እንደዚያ አይደሉም እንዴ? አባታችን ሲነግሩን፣ ማታ በጨለማ በቃላቸው ነበር የሚወጡት።

አጎት፦ ልክ ነሽ፣ የቃል ትምህርት። መጽሐፍ የለም፣ መብራት የለም፤ መምህሩ ያሰሙታል፣ ልጁ ተቀብሎ በቃሉ ይመልሳል። የተሳሳተው እዚያው ይታረማል። እኛ ያንን ትተን ቀለም መቀባት ጀመርን።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። አንድ ምዕራፍ ካነበብሽ በኋላ ሃንድአውቱን ዝጊው። ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወስሽውን ሁሉ ጻፊ፣ ቅደም ተከተሉ አያስጨንቅሽ። ስታበቂ ክፈቺና የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ሙዪው። በማግስቱ የምታነቢው ቀዩን ብቻ ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ያንኑ ምዕራፍ እንደገና በባዶ ወረቀት። ቀዩ እየቀነሰ ካልመጣ ያ ምዕራፍ አልገባሽም ማለት ነው፤ ያኔ ሰው ጠይቂ። ስታትስቲክስን የመሰለ ስሌት ያለበት ኮርስ ላይ ደግሞ የተሠራ ምሳሌ ማየት ማጥናት አይደለም። ምሳሌውን ሸፍነሽ ራስሽ ሥሪው። የድሮ ፈተና ካገኘሽ መልሱን ከሲኒየር ተቀብለሽ አትቸክይው፤ ሰዓት ይዘሽ፣ ስልክሽን ዘግተሽ፣ ልክ ፈተና ክፍል እንዳለሽ ተፈተኚው። የዘንድሮው ጥያቄ ያው ይሆናል ብለሽም አትጠብቂ፤ ጥቅሙ የት እንደምትደናቀፊ ማሳየቱ ነው።

ተማሪዋ፦ ጊዜውስ? ለአምስቱም እኩል ላካፍለው?

አጎት፦ እኩል አታካፍዪው። እስካሁን የያዝሽውን ማርክ ለየኮርሱ ጻፊ። ፋይናሉ ብዙ ጊዜ ከ50 ነው፤ የቀረው በእጅሽ ነው። አንዱ ኮርስ ላይ ከ50ው 44 ይዘሽ፣ ሌላው ላይ 24 ብቻ ካለሽ፣ ሰዓትሽ ወዴት መሄድ እንዳለበት ቁጥሩ ይነግርሻል። ልጆች የሚወዱትን ኮርስ ነው አብዝተው የሚያነቡት፣ ስለሚጥም። ስለ ሌሊቱም ልንገርሽ። በቡናና በጫት ሌሊቱን ነቅቶ የተፈተነ ልጅ ወረቀቱን ሳርም አውቀዋለሁ፤ ጥያቄውን በትክክል ሳያነብ ነው የመለሰው። ያነበብሽው የሚረጋው ስትተኚ ነው። ከፈተናው በፊት ባለው ሌሊት ተኚ።

ተማሪዋ፦ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የመውጫ ፈተናው አለ።

አጎት፦ ለዚያም ነው ጓደኛሽ አሁን እንድታስተካክለው የምፈልገው። ከ2015 ጀምሮ ማንም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ያንን ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ሳያመጣ አይመረቅም፤ የወደቀ እንደገና የመቀመጥ ዕድል አለው። አይ ተይዞ የተረሳ ኮርስ ግን የሚያስከፍለው በመጨረሻው ዓመት ነው፤ ጓደኞቿ ለመውጫ ፈተና ሲያነቡ እሷ የቆየ ወረቀት ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ትዞራለች። አይ ያለባት ልጅ ሴሚስተሩ በተከፈተበት ሳምንት የሜክአፑን ቀን ጠይቃ መያዝ አለባት። መምህሩ ያስታውሰኛል ብላ አትጠብቅ። ከተፈተነች በኋላም ግሬዱ ሬጅስትራር ዘንድ መግባቱን ራሷ ሄዳ ትይ፤ ተፈትኖ ሳይሞላ የቀረ ውጤት ብዙ አይቻለሁ።

ተማሪዋ፦ ይህን ሁሉ አንድ ቦታ ጽፎ የለጠፈልን ሰው ቢኖር ኖሮ...

አጎት፦ እሱን ለአንቺ ብቻ ሳይሆን ለሚሰማኝ ሁሉ እላለሁ። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ሬጅስትራር የምትሠሩ፣ የፈተናውን ፕሮግራም ስትለጥፉ ከጎኑ አንድ ገጽ ጨምሩ። ከፈተና የሚያስቀር ነገር የገጠመው ተማሪ ለማን እንደሚያመለክት፣ እስከ ስንት ቀን፣ በምን ማስረጃ፣ ሜክአፑስ መቼ እንደሚሰጥ ይጻፍበት። ቤት ውስጥ በሚነገረው ቋንቋም ይጻፍ፣ እናትና አባትም እንዲያነቡት። የዶርም በር ላይም ይለጠፍ። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ፈተና ሳትገባ የትምህርት ክፍሏን ስልክ ቁጥር ጠይቃችሁ ያዙ።